የሚያገላብጥ እጅ

የኋላ እግሯ አልታዘዝ ያላት ውሻ አጠገብ በርከክ ያለች የእንስሳት ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሥራዋን የምትጀምረው ምንም በማይመስል ነገር ነው። የውሻዋን የኋላ መዳፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ትቀለብሰዋለች፤ የመዳፉ ጀርባ መሬት እንዲነካ። ከዚያ ትለቀውና ታያለች። ጤነኛ ውሻ ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ እንኳ አይቆይም፣ መዳፉን ወዲያው ያስተካክላል። ይህችኛዋ ግን እንደተቀለበሰ ትተወዋለች። እግሩ አለ፣ አጥንቱ ደህና ነው፣ ጡንቻውም ገና አልሟሸሸም፤ ውሻዋ ግን እግሯ የት እንዳለ አታውቅም። ባለሙያዋ መዳፉን በቀስታ ወደ ቦታው ትመልስና ደብተሯ ላይ አንዲት ቃል ትጽፋለች፦ «አልመለሰችም»። በማግሥቱ ያንኑ ትደግማለች።

ስለዚህች ትንሽ ድርጊት የምጽፈው መቐለ ላይ ሆኜ ነው። ከተማችን ጉዳትንም ማገገምንም በገዛ አካሏ የተማረች ናት። ስለ ውሻ የጀርባ ቀዶ ሕክምና ሲነሣ «ለሰው መች ተረፈና!» የሚል ሰው ቢኖር ስሜቱ ይገባኛል። ሥራውን ቀረብ ብዬ ባየሁት ቁጥር ግን የውሻው ሙያና የሰዉ ሙያ አንድ መሆኑ ይበልጥ ይታየኛል። ከሙያው ሁሉ ደግሞ ልቤን የሚይዘው ቢላው ሥራውን ጨርሶ ከተቀመጠ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው።

ቢላውንም ቢሆን ሳናደንቅ አንለፈው። የውሻ አከርካሪ 7 የአንገት፣ 13 የደረት፣ 7 የወገብና 3 እርስ በርስ የተጋጠሙ የዳሌ አጥንቶች አሉት፤ ከዚያ ጅራቱ ይቀጥላል። በእነዚህ አጥንቶች ቦይ ውስጥ ህብለ ሰረሰር ያልፋል። በአጥንትና በአጥንት መካከል ደግሞ ዲስክ የሚባል ትራስ አለ፤ ዙሪያው ጠንካራ ጅማት፣ ውስጡ ለስላሳ ዝልግልግ ነው። እንደ ዳክስሁንድ ባሉ ረጅም ወገብና አጭር እግር ባላቸው ዝርያዎች ይህ ዝልግልግ ያለ ዕድሜው ይደርቅና እንደ ኖራ ይሆናል። አንድ ቀን ውሻው ከሶፋ ሲዘል ዙሪያውን በጥሶ ወደ ህብለ ሰረሰሩ ይፈነዳል። ብዙውን ጊዜ የሚፈነዳው የጎድን አጥንቶች አልቀው ወገብ በሚጀምርበት መጋጠሚያ አካባቢ ነው። ስዊድናዊው የእንስሳት ሐኪም ሃንስ ዮርገን ሃንሰን በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሕመሙን በሁለት ዓይነት ከፍሎ ካስቀመጠው ወዲህ ሐኪሞች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሩታል። በ2017 ደግሞ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከእነዚህ ውሾች አጭር እግር ጋር የተያያዘ አንድ ተጨማሪ የዘረ መል ቅጂ ዲስኩንም እንደሚያስረጅ አሳዩ።

በእኛ ግቢዎች በር ላይ የሚተኙት ውሾች እግረ ረጅም ናቸው። የእነርሱን ወገብ የሚጎዳው በአብዛኛው መኪና ነው፣ ባጃጅ ነው፣ አንዳንዴም የሰው ዱላ ነው። የጉዳቱ መንስኤ ይለያይ እንጂ የተጨፈለቀው ህብለ ሰረሰር የሚጠይቀው እንክብካቤ ያው ነው።

ቀዶ ሐኪሙ የጀርባውን ጡንቻ ከጎን ገለጥ አድርጎ አጥንቱ ላይ ትንሽ መስኮት ይከፍታል። መሣሪያው የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ዓይነት ነው፤ ጫፉ ላይ በፍጥነት የምትሽከረከር ትንሽ ድቡልቡል ብረት አለች። አጥንቱ በሰበቃ እንዳይግል ረዳቱ ጨዋማ ውሃ ያንጠባጥባል። ሐኪሙ ምን ያህል እንደዘለቀ የሚነግረው ቀለሙ ነው። የላይኛው የአጥንት ንጣፍ ነጭ ነው። ከሥሩ ስፖንጅ የመሰለ ቀይ ይመጣል። ቀዩ አልቆ እንደገና ነጭ ብቅ ሲል የሐኪሙ እጅ ጠባይ ይለወጣል፤ ያ ሁለተኛው ነጭ ህብለ ሰረሰሩን የሚጋርደው የመጨረሻው ግድግዳ ነውና። ከዚህ በኋላ መሰርሰሪያው አጥንቱን አይጫነውም፣ ይዳብሰዋል። ግድግዳው እንደ እንቁላል ቅርፊት እስኪሳሳ ድረስ ከተላገ በኋላ መሰርሰሪያው ይቀመጣል፤ የቀረችው ቅርፊት በቀጭን መንጠቆ ትለቀማለች። ከሥሯ በኖራ መሰሉ ፍርፋሪ የተገፋ፣ እንደ ክር ቋጠሮ የተጨመቀ ህብለ ሰረሰር ይታያል። ፍርፋሪው በትንሽ ማንኪያ ተጠርጎ ይወጣል። ሐኪሙ ህብለ ሰረሰሩን ራሱን አይነካውም። ሥራው ቦታ መልቀቅ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ጭካኔ የሚመስል፣ ግን ትልቅ ጥበብ ያለበት ምርመራ አለ። ሐኪሙ የውሻውን የኋላ ጣት በመቆንጠጫ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ውሻው እግሩን ከሰበሰበ ጀማሪ ተማሪ ደስ ይለዋል፦ «ተሰማው!» ይላል። ልምድ ያለው ሐኪም ግን እግሩን ትቶ ፊቱን ያያል። እግርን መሰብሰብ ከጉዳቱ በታች ያለው ህብለ ሰረሰር ብቻውን፣ አእምሮ ሳያውቅ፣ ሊያደርገው ይችላል። ቁም ነገሩ ውሻው ዞሮ ማየቱ፣ መጮኹ፣ ከንፈሩን መላሱ ነው፤ ሕመሙ እስከ ጭንቅላት መድረሱን የሚመሰክረው ይህ ነው። በዲስክ መፈንዳት ከሚጎዱት መካከል ይህ ስሜት ያልጠፋባቸው አብዛኞቹ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት፣ መልሰው ይራመዳሉ። ስሜቱ ከጠፋባቸው ደግሞ ግማሽ ያህሉ ይነሣሉ። አንዲት የፊት መዞር የዚህን ያህል ትናገራለች።

ስፌቱ ተሰፍቶ ውሻው ወደ ቤት ሲገባ ሥራው ከስመ ጥሩ ሐኪም ወደ ስም የለሽ እጆች ይተላለፋል። ቀዳሚው ሥራ ፊኛውን ማስሸናት ነው። ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በራሳቸው መሽናት ስለማይችሉ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ሰው ይረዳቸዋል። ውሻው በጎኑ ይተኛል፤ ተንከባካቢው አንዱን መዳፍ ከሆዱ በአንድ ወገን፣ ሌላውን በሌላ ወገን፣ ከኋላ እግሮቹ ቀደም ብሎ ያሳርፋል። እጁ መጀመሪያ የሚሠራው መፈለግ ነው። አንጀት ይንሸራተታል፤ ፊኛ ግን እንደ ብርቱካን ድቡልቡል ብሎ ይገኛል። ከተገኘ በኋላ የጣት ጫፍ አይገባበትም፤ ጫፍ ይወጋል፣ ይቀድዳል። ጣቶቹ ጠፍጠፍ ብለው፣ ቀስ እያሉ፣ ሳያቋርጡ፣ ወደ ጅራቱ አቅጣጫ ይጫናሉ። ውሻው ከፈራ ሆዱ ይጠነክራል፤ ያን ጊዜ የሚገፋ እጅ ሥራውን አያውቅም። የሚያውቀው እጅ ኃይሉን ሳይቀንስም ሳይጨምርም ይቆያል፤ ውሻው ትንፋሹን ሲያስወጣ ሆዱ ላላ ይላል፣ ሽንቱም ይመጣል። መጨረሻ ላይ ፊኛው ባዶ መሆኑ በእጅ ይረጋገጣል፤ የተረፈ ሽንት ቆይቶ ኢንፌክሽን ያመጣልና። ይህን ሥራ በደንብ የሠራ ሰው የሚያሳየው ነገር የለውም። ውጤቱ ያልመጣ በሽታ ነው።

ስፌቱን መጠበቅም አለ። ውሻ ቁስሉን በምላሱ ያድናል የሚለውን እምነት ሁላችንም ሰምተን አድገናል፤ በወንጌል የድኻውን የአልዓዛርን ቁስል የላሱትም ውሾች ናቸው። የተሰፋ ጀርባ ግን መላስ አይወድም፤ ክሩ ይፈታል፣ ቁስሉ ይከፈታል። ስለዚህ አንገቱ ላይ ሰፊ ክብ አንገትጌ ይታሰርለታል። አልዓዛርን ውሾች እንዳስታመሙት፣ እዚህ ደግሞ ሰው በተራው ያስታምማል።

ቀጥሎ ማገላበጥ ነው። በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በቀኙ የተኛው በግራው እንዲተኛ ይደረጋል። ወገቡ ሳይጠመዘዝ፣ ከትከሻውና ከዳሌው እኩል ተይዞ፣ እንደ አንድ ግንድ ይዞራል። ምክንያቱን ለመቐለ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ጨው ጭኖ ወደዚህች ከተማ ሲመጣ የኖረውን አርሆ የምናውቅ ሰዎች ነን። አሞሌው ገንዘብ በነበረበት ዘመን ሀብታችን የመጣው በእንስሳት ጀርባ ነው። ጫኝ የሚባለው ሰው ጌትነቱ የሚለካው ከብዙ ቀን መንገድ በኋላ ጭነቱ ወርዶ የእንስሳው ጀርባ ሲታይ ነበር። ጥሩ ድልድል የሚሠራ ሰው ግራና ቀኙን ወፍራም አድርጎ መሐሉን ይተወዋል፤ ጭነቱ በጎን ሥጋ ላይ ያርፋል፣ የአከርካሪው አጥንት ነፃ ይሆናል። አጥንቱ ላይ ያረፈ ጭነት ቆዳውን በአጥንትና በሸክም መካከል ይጨፈልቀዋል፣ ደም ይከለክለዋል፤ ገጣባ የሚመጣው እንዲህ ነው። የማይንቀሳቀስ ውሻ ዳሌ ላይ የሚወጣው የመኝታ ቁስልም ከገጣባ የተለየ አይደለም። ሸክሙ የራሱ ክብደት መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ስለዚህ ወፍራም ፍራሽ ይነጠፍለታል፣ ደረቅ ይደረጋል፣ ይገላበጣል።

ሐኪሙ ሲፈቅድ ደግሞ እግሮቹን ማንቀሳቀስ ይጀመራል። ጣት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ዳሌ፣ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ለብቻው ታጥፎ ይዘረጋል፤ ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ። እዚህ ላይ ጀማሪና አዋቂ የሚለዩት በእጃቸው አቀማመጥ ነው። ጀማሪ የእግሩን ጫፍ ይዞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጎትታል። አዋቂ ከመጋጠሚያው በላይና በታች ይይዝና አንዱን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ መጋጠሚያው «በቃኝ» የሚልበትን ቦታ በጣቱ ይሰማል፣ እዚያ ይቆማል፣ አያልፍም።

መቆም ሲሞከር ከሆዱ ሥር ሰፊ ጨርቅ ያልፋል። በእኛ ቤት ለዚህ ከታጠፈ ነጠላ የተሻለ ነገር አላውቅም፤ ለስላሳ ነው፣ ሰፊ ነው፣ አይቆርጥም። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ የሚያንሸራትት ወለል ላይ እንኳን የታመመ ጤነኛውም ይፈራል። ጨርቁን የሚይዘው እጅ ከሁሉ የረቀቀው ነው። ብዙ ካነሣ ውሻው ይንጠለጠላል፣ እግሩም ሥራ የለውም። ጥቂት ካነሣ ይወድቃል። ጥሩ ደጋፊ የሚያነሣው የጎደለውን ብቻ ነው፤ ጉድለቱ ደግሞ በየቀኑ ስለሚቀንስ እጁ ትናንት ያነሣውን ዛሬ መድገም የለበትም። ውሻው ሳይታወቀው ትንሽ ትንሽ እየተለቀቀ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ጨርቁ ሆዱን ሳይነካ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ይገኛል።

የሚመለሰው ነገር የራሱ ሥርዓት አለው። ህብለ ሰረሰር ሲጨፈለቅ በመጀመሪያ የሚጠቁት ወፍራሞቹ የነርቭ ክሮች ናቸው፤ እግር የት እንዳለ የሚያሳውቁት እነርሱ ናቸው። ከዚያ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ሽንት መቆጣጠር፣ በመጨረሻም ጥልቁ የሕመም ስሜት ይጠፋል፤ ይህን የሚያመላልሱት ቀጫጭኖቹ ክሮች ናቸው። ማገገም በአብዛኛው ይህንኑ መንገድ ወደ ኋላ ይሄዳል። መጀመሪያ ሕመም ይመለሳል፣ ቀጥሎ ጅራት ትወዛወዛለች፣ እግር ይንቀጠቀጣል፣ ክብደት ይሸከማል፤ ያ መዳፍን የማስተካከል ነገር ከሁሉ ኋላ ይመጣል። የእንስሳት ነርቭ ሐኪሟ ናታሻ ኦልቢ ከባልደረቦቿ ጋር በ2001 ያወጣችው መለኪያ ይህን መንገድ ከ0 እስከ 14 ባሉ ደረጃዎች ይቆጥረዋል። 0 ምንም እንቅስቃሴና ስሜት የሌለው፣ 14 ጤነኛ አረማመድ ነው። መለኪያው ለእኔ የሚያምረው ተራ ዐይን «ምንም ለውጥ የለም» በሚልበት ቦታ ላይ ለውጥ ማየትን ስለሚያስተምር ነው። በ2ና በ3 መካከል ያለው ልዩነት ለጎረቤት አይታይም። ለሚያስታምም ሰው ግን በዓል ነው።

ይህንኑ ዐይን በመቐለ የምናገኘው በኦርቶ ፊዚዮቴራፒ ማእከሉ ነው፤ የትግራይ ጦር ጉዳተኞች ማህበር የሚያስተዳድረውና ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የሚደግፈው ማእከል። ከ2020 እስከ 2022 (በፈረንጆች) ከተካሄደው ጦርነት በኋላ እግራቸውን ያጡ፣ አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎች የሚሄዱት ወደዚህ ነው። የሰው ሠራሽ እግር አሠራር ከላይ ካየነው ሁሉ ጋር አንድ ሕግ ይጋራል። ቴክኒሻኑ በቀረው እግር ላይ ቀጭን ካልሲ አልብሶ፣ አጥንት ለቆዳ የሚቀርብባቸውን ቦታዎች ውሃ ሲነካው ቀለሙ በሚለቅ እርሳስ ያከብባቸዋል። ከዚያ እርጥብ የጄሶ ፋሻ ይጠቀልልበታል። ጄሶው ደርቆ ሲወጣ እርሳሱ ወደ ውስጠኛው ገጽ ተላልፏል። ውስጡ በጄሶ ሲሞላ ደግሞ ነጭ የጄሶ እግር ይወጣል፤ እነዚያ ምልክቶች እንደገና እርሱ ላይ ታትመው ይገኛሉ። አሁን ሞረድ ይነሣል። ሥጋ ክብደት መሸከም በሚችልበት ቦታ ጄሶው ይሞረዳል፣ ፕላስቲኩ እዚያ ጠበቅ እንዲል። እርሳሱ ባከበበው ቦታ ደግሞ ጄሶ ይጨመራል፣ አጥንቱ ነፃ እንዲሆን። በመጨረሻ በምድጃ የለሰለሰ የፖሊፕሮፒሊን ጠፍጣፋ ይለብስበታል፤ ፓምፕ አየሩን ሲስበው ፕላስቲኩ እንደ ቆዳ ይለጠፋል። ቀይ መስቀል ርካሽና ጠንካራ በሆነው በዚህ ፕላስቲክ ስላዳበረው አሠራር በ2004 የሙያው ዓለም አቀፍ ማህበር የሚሰጠውን የብላችፎርድ ሽልማት አግኝቷል። ሕጉ ግን የድልድል ሠሪው ሕግ ነው፦ ሸክሙን ለሥጋ፣ ነፃነቱን ለአጥንት።

አማርኛችንም ይህን አንድነት ያውቀዋል። ስብራት የሚያቃናውን ባህላዊ ሐኪም ወጌሻ እንለዋለን፤ የእግር ኳስ ቡድን ፊዚዮቴራፒስትንም ያለ ምንም ማመንታት ወጌሻ እንለዋለን። በቃላሚኖ ግቢ በመቐለ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ ወጣቶች ሲመረቁ የሚጠብቃቸው ሥራ በአብዛኛው የላም፣ የፍየልና የአህያ ነው፤ ወጌሻነቱ ግን በዚያም አለ። ጀርባን በመዳፍ ማንበብ የሚችል እጅ የማን ጀርባ እንደሆነ አይመርጥም።

ውሾችም በተራቸው ለሰው ውለታ ውለዋል። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት በሰው ቤት የሚኖሩ፣ በአደጋና በሕመም አከርካሪያቸው ተጎድቶ የኋላ እግራቸው ሽባ የሆነ 34 ውሾችን አሳትፈዋል። ከየውሻው አፍንጫ ሽታን የሚያስተላልፉ ነርቮችን የሚያጅቡ ሕዋሶች ተወስደው ተባዙ፤ 23ቱ ውሾች የየራሳቸውን ሕዋስ በጉዳቱ ቦታ ተወጉ፣ 11ዱ ሕዋስ የሌለበትን ፈሳሽ ብቻ። የትኛው ውሻ ምን እንደተወጋ ባለቤቶቹም መርማሪዎቹም አያውቁም ነበር። ውሾቹ በትሬድሚል ላይ ከሥር እየተደገፉ ለወራት ተፈተሹ። ሕዋሱን ያገኙት የፊትና የኋላ እግራቸውን ይበልጥ ማቀናጀት ቻሉ። ከአእምሮ ጋር ያለው ረጅሙ መስመር ግን አልተመለሰም። ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም እኩል ግልጽ አድርገው ጻፉት፤ ይህም የእጅ ሥራ ያህል የሚከበር ሙያ ነው። ውጤቱን ጠብቆ መለካት፣ ያልመጣውን አልመጣም ማለት።

እናቴ ዶሮ ስታስታቅፍ ጎጆው አጠገብ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። የምትታቀፍ ዶሮ ዝም ብላ የተቀመጠች ትመስላለች። ቆይቶ ያየ ልጅ ግን በመንቁሯ ከሥሯ ገባ አድርጋ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ስታገላብጥ ያያታል። ቀንም ሌሊትም ታደርገዋለች፤ ካልተገላበጠ ጽንሱ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ይጣበቃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስንል ትዕግሥትን የምናመሰግን ይመስለናል። ተረቱ እንቁላሉን አንሥቶ ዶሮዋን ተዋት። እንቁላል ብቻውን በጊዜ ብዛት እግር አያወጣም፤ ይበላሻል። በእግሩ የሚሄደው ያገላበጠው ስላለ ነው። የሐኪሙ መሰርሰሪያ ቅርፊቷን ያሳሳል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናትና ሌሊቶች የዶሮዋ ናቸው።

ያች ባለሙያ ዛሬም ከውሻዋ አጠገብ በርከክ ብላለች። ሳምንታት አልፈዋል፤ ነጠላው ከሆዷ ሥር ከወጣ ቆይቷል፣ ውሻዋ እየተወላገደችም ቢሆን እስከ በሩ ትደርሳለች። ባለሙያዋ መዳፉን ይዛ ትቀለብሰዋለች፣ ትለቀዋለች፣ ታያለች። መዳፉ እንደተቀለበሰ ይቆያል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትቆጥራለች። ጉልበቷ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ጣቶቿ መሬቱን ፈልገው ይከፈታሉ፣ መዳፉ እየዘገየ ዞሮ በመርገጫው ያርፋል። ባለሙያዋ ደብተሯን ታነሣና ትጽፋለች፦ «በ4ኛው መለሰች»። ከሥሩም የነገውን ሰዓት ትመዘግባለች።